ከእጀታው ስር ያለ ስም

ከዚህ በታች በምጽፈው ነገር ውስጥ ቅንጣት ውሸት ቢገኝ፣ ካሊፎርኒያ የሰጠችኝ መንጃ ፈቃድ ኪሴ ውስጥ አመድ ይሁን፤ ዕድሜ ልኬን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ስዞር ልዋል እንጂ ፓርኪንግ አላግኝ። በእናቴ አጥንት መማል አይገደኝም ነበር። ግን በየቀኑ ስለምምልባት የሚያውቁኝ ሰዎች መስማቱን ትተውታል። ስለዚህ ዛሬ የማልኩት በምበላበት ነገር ነው።

ብዙአየሁ እባላለሁ። ሎስ አንጀለስን የሚያውቅ እኔን ያውቃል። ዊልሻየር ላይ ካለው ትልቅ ሆቴል በር ቆሜ መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ ካዲላክ በአንድ ጣት ወደ ኋላ አስገባለሁ፣ ሌላው እጄ ሳንድዊች ይዞ። ስንት ስሙ የገነነ ሰው ከሌላው ሠራተኛ እጅ ቁልፉን ነጥቆ ለእኔ ሰጥቷል። ይሄ ግን የእኔ ታሪክ አይደለም፤ እኔ ያለሁበት መሐሉ ላይ ብቻ ነው። ታሪኩ የሀይለገብርኤል ነው፣ አምና የቀበርነው የወዳጄ።

ሀይለገብርኤልን አበሻ በሚኖርባቸው በፓልምስም ሆነ በፌርፋክስ ያለ ሰው የሚያውቀው በዌልደርነቱ፣ በብረት በያጅነቱ ነው። ከከተማው ዳር ጋርዴና፣ ዋልተር የሚባል ፈረንጅ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዌልደር ሲባል ደግሞ እዚህ አገር ሰው ወንበር ለቆ ያስቀምጥሃል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ዩኒየን የሚሉት የሠራተኛ ማኅበር አለው፣ ሴት ልጅ ያላት እናት ስሙን ስትሰማ ትለሰልሳለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሀይለገብርኤል ቀጥቃጭ ነበር፤ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ። እሱና እኔ የአንድ ወንዝ ሰዎች ስለሆንን አውቃለሁ። በልጅነቴ የአባቱ መዶሻ እየቀሰቀሰኝ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት፣ በዚያም ምክንያት አርፍጄ አላውቅም፣ ሁሌም አንደኛ ነበርኩ።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚህ ለተወለዱት ግን ልንገር። ቀጥቃጩ ማረሻህን ያቀናልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፣ አንተም እህል ትሰፍርለታለህ። ከቤትህ ግን አታስገባውም፤ ልጅህን አትሰጠውም፣ ልጁን አትወስድም። ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ይበላል፣ ሕፃን ያደርቃል ይባላል። በሠራው ቢላ ሥጋ ትቆርጣለህ፤ ሥጋውን ስትበላ ግን እሱ እንዳያይህ ጀርባህን ትሰጠዋለህ። ሀይለገብርኤል በሱዳን በኩል አሜሪካ ሲገባ ያንን ሁሉ ከባሕር ማዶ ትቶት የመጣ መስሎት ነበር። ባሕሩን ግን ሰዎቹም ተሻግረውት ነበር።

እና ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሰው ሲበላ ቀና ብሎ አያይም። ምግብ ቤት ከገባን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የሰው ሕፃን አያቅፍም፣ "ሲያምር" አይልም። ሰዉ ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነው እያለ ያመሰግነው ነበር። እኔ ብቻ አውቅ ነበር፤ አፌን እንደ ባንክ ዘግቼ ያዝኩት። የእኔን አፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ከሚስቱ ከቀለመወርቅ የወለዳት አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ሔለን። በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ላይ የእትዬ አምሳለ ልጅ ሔለንን ወደዳት። እትዬ አምሳለ ያን ጊዜ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ከከፈቱት ጥቂቶቹ አንዷ ናቸው፤ ገንዘብም፣ ክብርም፣ ምላስም ያላቸው ሴት። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ዘር ሊያጣሩ ፈለጉ። ከልጅቷ አባት አገር የመጣ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔን ጠሩኝ። ጥብስ አቀረቡልኝና፣ ለመሆኑ እነማን ናቸው አሉኝ። እኔም አልሰሰትኩም። በአንድ ሰሃን ጥብስ ለሀይለገብርኤል ደጃዝማች የሆነ አያት፣ ከመቶ ጥማድ የማያንስ መሬትና ደብር ያሠራች አክስት ሰጠሁት። ሁለተኛ ሰሃን ቢመጣ ኖሮ ዘውድ እጭንለት ነበር። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ሄዱ፣ እሺ ተባሉ፣ የሰርጉ ቀንም ተቆረጠ።

ሰይፉ የመጣው ይኼኔ ነው።

ዋልተር የሚሠራው የአትክልት አጥርና የመስኮት ፍርግርግ ነው፤ ፍቅሩ ግን ቢላ ነበር። አንድ ቀን ከሚኒሶታ አንድ ሀብታም ደወለለት። የሰውየው የጥንት አያቶች ቫይኪንጎች ናቸው፤ ከሰሜን በጀልባ እየመጡ የሰው አገር የሚያቃጥሉ የነበሩ። እንደነሱ ያለ ሰይፍ እፈልጋለሁ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው፣ ብረቱም ደማስቆ የሆነ። ደማስቆ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ጠንካራውንና ለስላሳውን ብረት እንደ እንጀራ ታነባብራለህ፣ እስኪነጣ ታግላለህ፣ ቀጥቅጠህ አንድ ታደርጋለህ፣ ታጥፋለህ፣ እንደገና ትቀጠቅጣለህ። ሲያልቅ በአሲድ ስታጥበው አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይነጣል፤ ብረቱ ላይ ውሃ የሚወርድ ይመስላል።

ዋልተር ነገሩን ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ ትከሻው ግን ተቀዷል፣ ትልቅ መዶሻ አያነሳም። ሀይለገብርኤል ብረቱን ይመራል፣ ታዲያ ትልቁን መዶሻ ማን ይምታ? ጠንካራ፣ ቀልጣፋ፣ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሀይለገብርኤል ወደ እኔ መጣ። ያለ አንተ አይሆንም አለኝ።

ሄድኩ። መዶሻው የጥጃ ክብደት አለው። ሥራው እንዲህ ነው፦ እሱ በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዝና በቀኙ በትንሿ መዶሻ ቦታውን ይነካል፣ ጢን። እኔ እዚያችው ላይ በትልቁ አወርዳለሁ፣ ዱም። ቃል አይነገርም። ትንሿ መዶሻ ትጠይቃለች፣ ትልቋ ትመልሳለች። ትንሿ ብረቱ የሚቀጠቀጥበት ባዶ መስፍ ላይ ነጠር ነጠር ስትል፣ በቃ፣ ወደ እሳት ማለት ነው። ቦራክስ የሚሉትን ነጭ ዱቄት ሲበትንበት ብረቱ ይፈላል፤ ስመታው ፍንጣሪው ጣሪያ ይነካል። አንዱ ፍንጣሪ የቀበቶዬን ብረት አቅልጦታል፤ ሌላው በመስኮት ወጥቶ የጎረቤት ውሻ ፂም ላይ አርፏል። ድምፁ ሎንግ ቢች ድረስ ተሰምቶ የወደብ ሠራተኞች የምሳ ደወል መስሏቸው ሥራ አቁመዋል፤ ያመጣው ኪሳራ እስካሁን አልተከፈለም።

ሀይለገብርኤልን ያን ቀን ብታዩት ኖሮ። ምግብ ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ ቀና አለ። ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም፣ ማንንም አይፈራም። የፀሐዩ ብርሃን የግለቱን ቀለም እንዳይሸፍንበት በሩን ይዘጋል፤ በጨለማው ውስጥ ብረቱ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል "አሁን" ይላል። ዘንጎቹን አግሎ እንደ ሹሩባ ጠመዘዛቸው፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፤ ጎን ለጎን አጋብቶ ዙሪያውን ጠንካራ ስለት አለበሰው። ሰው በሚያውቀው ነገር ሲደሰት ዕድሜው ይቀንሳል። ሀይለገብርኤል በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ አየሁት። ያንን ፊት አንዲት ነፍስ ፌርፋክስ ላይ አላየችም።

ሰይፉ ቅርጹን ሲይዝ የሚኒሶታው ሰውዬ አንድ ነገር ጨመረ። የጥንቶቹ ሰሜኖች ሰይፍ መሐሉ ላይ የሠሪው ስም በብረት ሽቦ ይቀጠቀጥበታል፤ የእኔም እንዲሁ ይሁን አለ። ዋልተር ታማኝ ሰው ነው። የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ሀይሌ ነው፣ በራሱ ፊደል ስሙን ይጻፍ አለ። ከዚያም ሰይፉ ወደ ሚኒሶታ ከመሄዱ በፊት ሎንግ ቢች ላይ የቢላ ሠሪዎች ትርዒት ላይ ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሕዝብ ያየዋል።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ስሙን ከእጁ ሥራ ሲሸሽግ ኖሯል። አባቱ ላብ በላብ ሆኖ የሠራትን ማጭድ ሰዎች "ከገበያ ገዛሁት" ሲሉ እየሰማ ነው ያደገው። አሁን ፈረንጅ መጥቶ፣ ስምህን ጻፍበትና ለሕዝብ ይታይ ይለዋል። ሎንግ ቢች ደግሞ የእኛ ሰው ሞልቷል፤ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ነገር አበሻ ከሦስት ማይል ያሸተዋል። ስሙ ሰይፉ ላይ ከታየ እትዬ አምሳለ በነጋታው ይሰማሉ፤ የሔለን ሰርግ ይፈርሳል። ስሙን ካልጻፈ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ በእጁ አይገባም።

ሳምንት ሙሉ ሰይፉን ሲያገላብጥ ከረመ። እኔ ግን ለምን ተፈጠርኩ? ከእጀታው ስር ጻፈው አልኩት። ሰይፍ እኮ እጀታው ውስጥ የሚገባ ጭራ አለው። እዚያ ላይ ስምህን በመሮ ቅረጸው፤ እንጨቱና ቆዳው ይሸፍነዋል። ሰው አያየውም፤ ሰይፉ ግን እስካለ ድረስ አለ። የሚይዘው ሰው መዳፍ ሁልጊዜ ስምህ ላይ ነው።

እሺ አለኝ። ሰይፉን አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው። ያች ደቂቃ ናት የምታስፈራው፤ ብረት ከተሰነጠቀ እዚያ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። አልተሰነጠቀም። ዋልተር እንደ ልጅ አለቀሰ፣ እኔም ትንሽ አገዝኩት። በአሲድ ሲታጠብ ያ ውሃ የመሰለ ጥልፍ ብቅ አለ። ከዚያ ሀይለገብርኤል መሮውን አንስቶ ጭራው ላይ ስሙን ቀረጸ፤ አጻጻፉ የቁም ጸሐፊ ያሰኛል። መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሲጨርስ በአውራ ጣቱ ደባበሰው።

"ብዙአየሁ፣" አለኝ፣ "አሁን ብሞትም አልቆጭም።"

እጀታውን ገጠመው። ሰይፉ ትርዒቱ ላይ ስም ሳይኖርበት ቆመ፣ ተደነቀ፣ ሰውየውም እንዲሁ ተቀብሎት ሚኒሶታ ሄደ። የሔለን ሰርግም ሆነ። ሰርጉ ላይ የሙሽራዋ አባት አንገቱን ደፍቶ ዋለ። እትዬ አምሳለ ጉርሻ ይዘው ሲመጡ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጎረሰው። ሰዉ ከደስታ ብዛት ነው አለ።

በዓመቱ ሔለን ወንድ ልጅ ወለደች። አያትየው ሕፃኑን አንድ ጊዜ አላቀፈውም። የገዛ የልጅ ልጁን። ጉንፋን ይዞኛል ይላል፣ እጄ ግራሶ ነክቷል ይላል፣ ከበር ቆሞ የሕፃኑን ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሰኔ፣ ፓልምስ አፓርትማው ውስጥ ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመ።

ለቅሶው ላይ ሕዝቡ እስከ ደረጃው ሞልቶ ነበር፤ እኔ የቆጠርኩት ሁለት ሺህ ይሆናል፣ አፓርትማው ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። እትዬ አምሳለ ከምግብ ቤታቸው ድስት ሙሉ አስመጥተው፣ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዋልተር ከረባት አስሮ ገባ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሰዉ መሐል ቆመና በእንግሊዝኛ ጀመረ። የዚህን ሰው እጅ የሚያህል በዓለም ላይ አልነበረም አለ፤ ብላክስሚዝ ነበር፣ የሠራው ሰይፍ ከእኛ ሁሉ በኋላ ይኖራል አለ። እንግሊዝኛዬ የታወቀ ስለሆነ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ትልቅ ዌልደር ነበር ነው የሚለው፣ ብዬ ተረጎምኩ።

ዋልተር ግን ጨርቁን ፈታው። ያች ትንሿ መዶሻ ናት፣ እጀታዋ በሀይለገብርኤል እጅ የጠቆረ። ለቀለመወርቅ በሁለት እጁ ሰጣት።

እትዬ አምሳለ መዶሻዋን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

"ይኼ ሰውዬ ምንድነው ያለው?"

ልጁ እዚህ ነው ያደገው፣ የሚያፍርበት ነገር መሆኑን አያውቅም። "ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ ነው የሚለው፣ ማሚ። ሰይፍ ምናምን ይሠሩ ነበር። ኩል አይደለም?"

እትዬ አምሳለ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሳቡና የሕፃኑን ፊት ሸፈኑት። ሬሳው ተቀብሯል። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሚስትና ልጅ ናቸው። ከማን እንደሸፈኑት ሁሉም ገባው።

ሔለን ተነሳች። ነጠላውን ገለጠች፣ ልጇን ከአማቷ ጭን አነሳችና የእናቷ ጭን ላይ፣ መዶሻዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እንባ አልነበራትም።

ያኔ ነው እኔ የተነሳሁት። አሁን የጻፍኩትን ሁሉ ቆሜ ነገርኳቸው፤ መዶሻውን እንዴት እንደመታሁ፣ ብረቱ እንዴት እንዳልተሰነጠቀ፣ ስሙን ከእጀታው ስር እንዴት እንደቀረጸው።

"እትዬ አምሳለ፣" አልኳቸው፣ "የእርስዎ ስም ያለው ሜኑ ላይ ነው። ወጥ ሲፈስበት ይጣላል። የእሱ ስም ብረት ውስጥ ነው ያለው።"

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ወንዶቹ ወለሉን እየደበደቡ አለቀሱ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊሱም አብሮ አለቀሰ። እትዬ አምሳለ ጫማዬን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። ልክ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ፓልምስ አይመጡም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው ይላሉ። ሔለንም ልጁን ወደ እናቷ የምታመጣው ባሏ ሥራ ሲሆን፣ አማቷ ሳያውቁ ነው። ግን ያን ቀን ቢያንስ የሰውየው ስም ተነስቷል፣ በእኔ አፍ።

አሁን ሙት ዓመቱ ደረሰ። ይህንን የጻፍኩት ያን ዕለት እንዲነበብ ነው። ካህኑ እንዳያሳጥሩት ብዬ ትናንት አስቀድሜ ፓልምስ ወሰድኩና ለቀለመወርቅ አነበብኩላት። የሙት ዓመቱን ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እስከ መጨረሻው እጇን ሳታቆም ሰማችኝ። ድምፄ ጥሩ ስለሆነ ሁለት ቦታ ላይ እኔው ራሴ አለቀስኩ። ስጨርስ የሚጨመር ነገር ካለ ንገሪኝ አልኳት።

ቢላዋን አስቀመጠች።

"ብዙአየሁ፣" አለችኝ በዝግታ፣ "አንተ ጋርዴና የመጣኸው አንድ ቀን ነው። መኪናችን ተበላሽቶ ልትወስደን። ከመኪናህ አልወረድክም። ውጪ ሆነህ ክላክስ ነው ያደረግከው።"

"እሱማ ያን ቀን..."

"መዶሻውን የመታሁለት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሥራ ስወጣ። አገር ቤትም እኔ ነበርኩ የምመታለት።"

ወረቀቴን አጣጠፍኩ። ብቻ አንዲት ነገር ቀረችኝና ጠየቅኳት። ስሙስ? ስሙንማ ጽፎታል አይደል?

መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ዋልተር መሮውን ሰጥቶን ወጣ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከእጀታው ስር ጻፈው፣ ማንም አያየውም አልኩት። መሮውን አንስቶ ጭራው ላይ አስጠጋው። 'የማን ልጅ ብዬ? የቀጥቃጩ ወይስ ሽማግሌዎቹ ያሉኝ የደጃዝማቹ?' አለኝ። መሮውን አስቀመጠና እጀታውን ገጠመው።"